በፎቶው ጥግ ያለችው እጅ

ዛሬ ጠዋት የአስቴር ልጅ ደውላ «እማዬ አረፈች» ስትለኝ «እስቲ ስልኩን ለሷ ስጪልኝ» አልኳት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገባኝ እንኳን አልልም።

ትናንት ከሰዓት እኮ አስቴር ራሷ ደውላ «አልሚ፣ ስንት ቀን ቀረሽ?» ብላኝ ነበር።

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ አስቴርን ታውቋታላችሁ። ፊቷን ሳይሆን እጇን። «ኪስ ቢጎዳም አንድ ቀን ሊበላባቸው የሚገባ የሐዋሳ ቤቶች» እያልኩ ከምለጥፋቸው ፎቶዎች ጥግ ላይ፣ አውራ ጣቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት አንዲት እጅ ሁልጊዜ አለች። «ማን ናት?» ስትሉኝ «ጓደኛዬ» ብዬ አልፍ ነበር። ፊቷ እንዲታይ አትፈልግም። «ምግቡን አሳዪያቸው፣ እኔን ምን ያደርጉኛል» ትለኛለች።

ሁለታችንም በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪዎች ነበርን። እሷ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች፣ እኔ ገና እዚያው ነኝ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ተሰልፈው ሳህናቸውን ሲዘረጉ አስቴር ጭልፋዋን ይዛ ፊታቸውን ታያለች። «አንተ ከስተሃል፣ ና ልድገምልህ።» ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርም ግድ የላትም።

ወጣ ብለን መብላት የጀመርነው በእሷ ሐሳብ ነው። «ዕድሜ ልካችንን አብልተን፣ አንድ ቀን ተቀምጠን ብንበላ ማን ይቆጣናል?» አለችኝ። የክት ልብሳችንን ለብሰን ሐይቅ ዳር፣ ነጭ ጨርቅ ከተነጠፈበት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥን።

ሜኑው በእንግሊዝኛ ነበር። ተማሪዎች ከሚጥሉት ወረቀት ላይ እየለቃቀምኩ በተማርኳት እንግሊዝኛ እየተንገታገትኩ አነበብኩላት። አገጯን በእጇ ደግፋ ስትሰማኝ ቆየችና «ስሙ ረዘመ። ዓሣ ነው አይደል?» አለች። ዓሣ ነበር።

ሲመጣ ከሰፊው ሳህን መሐል ቁጭ ብሏል። «ሳህኑ ለሠርግ፣ ምግቡ ለጫጩት» አለችና ቀመሰች። «ቆይ፣ ሎሚው መቼ ነው የገባው?» አለች። ከዚያ በኋላ እስክትጨርስ ቃል አልተነፈሰችም።

አስቴር ምግብ ፊት ዝም ካለች ቤቱ ጥሩ ነው ማለት ነው። እዚህ «ሂዱ፣ አትቆጩም» ብዬ የጻፍኩላችሁ ሁሉ የእሷ ዝምታ ነው። እያወራች የበላችበትን ቤት አንድም ቀን አልለጠፍኩም።

ያን ቀን ከበላን በኋላ የሆነውን ግን አልረሳም። አስቴር ሳህኔን ጎትታ ከሳህኗ ላይ ደረበች፣ ሹካና ቢላውን ሰበሰበች፣ ብርጭቆዎቹን በሌላ እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ኩሽና። እኔም ናፕኪኖቹን ሰብስቤ ተከተልኳት። አስተናጋጁ ሮጦ በሩ ላይ ደረሰብን።

«እናቴ፣ ኧረ ይቀመጡ፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

«እጄ ነው ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አለችው።

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ሳህኖቹን አስረክባ እየሳቀች ተመለሰች፣ ሁለት እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችና «አልሚ፣ ዛሬ እንግዶቹ እኛ ነን» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የትም ብንሄድ ሳህን ሊነሳ ሲል ይህንኑ ትለኛለች። እጇ ግን እየሾለከች ትወጣ ነበር፤ ፎቶው ውስጥ የገባችው እንደዚያ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ የወጣነው ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ነው። አጠገባችን ላሉት ሰዎች አስተናጋጁ ጣፋጭ አምጥቶ እዚያው ፊታቸው እሳት ለኮሰበት። ሰማያዊ ነበልባል ብድግ ብሎ ጠፋ። አስቴር መጉረሷን አቆመች። «ይሄን ሁሉ ዘመን እሳት ስለኩስ ኖሬ፣ እስቲ አንድ ቀን ለኔም ይለኩሱልኝና ቁጭ ብዬ ልየው» አለች። ጠግበን ስለነበር ሌላ ቀን ተባባልን።

ጾሙ ገባ። እሷ ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴ አይመለከታትም። ልጇ እዚያ ቤት ልትወስዳት ስትል «አልሚ እስክትፈታ እጠብቃለሁ» አለቻት። እኔም «አንቺ ብዪ፣ እኔ ሻይ ይዤ አይሻለሁ» ብያት ነበር። «አንዷ እየበላች አንዷ ቆማ የምታይበት ምን ግብዣ ነው? እሱማ ሥራ ነው» አለችኝ። ከኔ ይልቅ የጾሜን ቀን የምትቆጥረው እሷ ነበረች።

ፋሲካ ሊደርስ ነው።

አሁን ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የቤተ ክርስቲያኗ ኳየር በሲዳምኛ ይዘምራል። ለቀስተኛው በልቶ ሲጨርስ ሳህን ልሰበስብ አሥሬ ተነሣሁ፣ የሥራ ባልደረቦቻችን አሥሬ አስቀመጡኝ። «አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ተቀመጪ» ይሉኛል። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።

የትኛው ቤት ይሻላል ብላችሁ ለጊዜው አትጠይቁኝ። የሚነግረኝ ዝምታ የለኝም።

አስቱ፣ ጾሙ ሲፈታ እዚያ ቤት እሄዳለሁ። ፊት ለፊቴ ላለው ወንበር ያንን ጣፋጭ አዝዛለሁ፣ እሳቱንም ይለኩሱልሻል። እኔ አየዋለሁ። ሥራ ነው ብትዪኝም ይሁን።

ደህና ሁኚ እህቴ። አሁን አትነሺ። እጅሽን ከጠረጴዛው ሥር አድርጊ።

ሳህኑን እኔ አነሳዋለሁ።