ያጎረሱኝ አይቆጠርም

ዛሬ ፒያሳ ሐኪም ቤት፣ የስድሳ ዓመቷ እናቴ ሚዛን ላይ እንደቆመች «ወላሂ፣ በቀን አንድ እንጀራ አልጨርስም!» ብላ ማለች። ሚዛኑ ግን አላመናት።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳት፦ «እማማ፣ ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን አለ፤ ምስርና ጎመን ሲበሉ ጋብ ይላል፣ ጣፋጭ ሲያበዙ ግን ቶሎ ይመለሳል።»

ከሰዓት ጎረቤት ሰደቃ ተጠርተን ሄድን። እናቴ ትንሽ ምስር ቀምሳ እጇን ታጠበች። ኮራሁባት!

ጎረቤቶቿ ግን «በሞቴ!» እያሉ በጉርሻ ከበቧት። ሰባተኛው ጉርሻ ላይ መቁጠር አቆምኩ።

«እማ፣ ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?»

«እኔ መቼ በላሁ? እነሱ ናቸው ያጎረሱኝ!»

ለካ መሐላዋ እውነት ነው፤ በገዛ እጇ የምትበላው ግማሽ እንጀራ አይሞላም።

ልከራከራት አፌን ስከፍት፣ በዚያው በታጠበ እጇ አጎረሰችኝ።

የእናንተስ እናቶች «አልበላሁም» ሲሉ የቱን ሳይቆጥሩ ነው?