የማይጠጣው የወይን አዋቂ

በንጉሡ ዘመን ነቀምቴ አስተማሪ ነበርኩ። ላገባት የፈለግኳትን ልጅ ሽማግሌዎቼ ሁለት ጊዜ ጠይቀው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቤተሰቡ ወንጌላውያን ናቸው፣ መጠጥ ደጃቸውን አይረግጥም። እኔ የጎጃም ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ለእነሱ ጎጃሜ ማለት ከጠጅ ቤት የማይጠፋ ሰው ነው። ያን ያህል እንኳ አልነበርኩም።

በሦስተኛው ግን አባትየው ራሴ እንድመጣ ላኩብኝ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ጉደር ሲቆም አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ገዝቼ ነበር። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ስለሆነ እሱን ልወስድላቸው አሰብኩ። አብሮኝ የሚኖረው መምህር “አብደሃል?” አለኝ። ቁርባናቸው በወይን ስለሆነ ወይን ከመጠጥ አይቆጠርም ብዬ ተከራከርኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አባትየው “አከም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?” ብለው በኦሮምኛ “ልጄ” እያሉ ደህንነቴን ጠይቀው ተቀበሉኝ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ግን እናትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አይተው ወደ ጓዳ ገቡ። ልጅቷ ከጓዳው በር ላይ ሆና በንዴት አየችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባትየው ጠርሙሱን አንስተው ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። ቡሹ ውስጥ ጠመዝማዛ ሚስማር አስገብተው በጉጠት ሳቡት፤ በውሃ ብርጭቆ ጥቂት ቀዱ። ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አዞሩትና አሸተቱት።

“ይሄ የዳገቱ ነው” አሉ። “ጠጠር መሬት ላይ የበቀለ። የወንዝ ዳሩ ውሃ ይበዛበታል፣ ቀለሙም ይሳሳል። ይሄ ጥቁር ነው ለማለት ምንም አይቀረው፤ ብርጭቆውን ይዞ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።”

ጉደርን እንዴት እንደሚያውቁት ጠየቅኳቸው። ወንጌል ከመቀበላቸው በፊት ሰባት ዓመት የአንድ ጣሊያን እርሻ ላይ የወይን ሐረግ ሲገርዙ ኖረዋል። ክረምቱ ቶሎ ካልወጣ ፍሬው እንደሚበሰብስ፣ በቂ ፀሐይ ካገኘ ግን ቆዳው እንደሚወፍር፣ የወይኑም ኃይል ከቆዳው እንደሚመጣ ነገሩኝ። እዚህ ነቀምቴም ለልጆቹ ፍሬ ብለው ተክለው ነበር፤ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሻገተባቸው።

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፉት።

“ትጠጣለህ?”

አዎ ብል ልጅቷን አጣለሁ፤ አልጠጣም ብል ውሸቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። “በበዓል እጠጣለሁ” አልኩ። “አንዳንዴም ከጓደኛ ጋር።”

“ከአንተ በፊት ሦስት ሰዎች ልጄን ጠይቀውኝ ነበር” አሉ። “ሦስቱም መጠጥ ቀምሰን አናውቅም አሉኝ። እኔ ደግሞ አፍንጫ አለኝ። በል ቅመስ።”

ቀመስኩ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሚስታቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሲወርድስ እንዴት ነው?” አሉኝ።

ለራሳቸው እንደሚጠይቁ ገባኝና ሳልቸኩል ነገርኳቸው። “መጀመሪያ ምላስ ያደርቃል። ከዚያ አፍ ይሞላል፤ ሳይጣፍጥ እንደ ማር ይከብዳል። ሲወርድ ይሞቃል። ከዋጡትም በኋላ የበሰለ እንጆሪ ጣዕም ይቀራል።”

“አዎ፣ ይቀራል” አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። አሳዘኑኝ፤ በዚያች ደቂቃም ከልጃቸው ባልተናነሰ ወደድኳቸው።

ጠርሙሱን ይዘው ወጡና ከጓሮው ሙዝ ሥር አንጠፍጥፈው አፈሰሱት። ሲመለሱ እጃቸውን እየጠረጉ ነበር።

“ሽማግሌዎችህ ቅዳሜ ይምጡ” አሉኝ። “ይሄን ግን ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ። መጠጣት ካቆምኩ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ገና ግን አልተውኩትም።”