ከጓዱ በላይ የተቀመጡት ሁለቱ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ነፋስ ስልክ በነበረ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ ብቸኛዋን ኮምፒዩተር የምነካው እኔ ነበርኩ። ሌላው ሠራተኛ አቧራዋን ለመጥረግ እንኳ ይፈራ ነበር። ለየክፍሉ ፋይሎች ማስቀመጫ አንድ አንድ ዳይሬክተሪ ከፍቼላቸዋለሁ። ማሽኗ ዝርዝራቸውን ስትጠየቅ በተከፈቱበት ተራ ትደረድራለች፤ ማዕረግ የሚባል ነገር አታውቅም።

አንድ ቀን የፋብሪካው የፓርቲ ተጠሪ መጥቶ ስክሪኑን አየ። መጋዘን አንደኛ፣ የሠራተኞች ክበብ ሁለተኛ፣ የእሱ ቢሮ ከጋራዥ በታች። በየስብሰባው እኩልነትን የሚያስተምረን ሰው፣ ከክበቡ ሽሮ በታች መጻፉን ግን ሊውጠው አልቻለም። ከበላይ አካል እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ አናት ላይ እንዳወጣው አዘዘኝ። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» የሚባልበት ዘመን አልፏል ተብለን ነበር፤ ያለፈው ንጉሡ ብቻ መሆኑን ማን ነገረን?

ሌላ ጊዜ ቢሆን አይቻልም ብዬ እሸኘው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ታናሽ ወንድሜ ጎፋ ሜዳ ኳስ ሲጫወት ታፍሶ ቀበሌ ተዘግቶበታል፤ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሊጫን ነው። እናቴ እህል አልወርድ ብሏታል። ለጓዱ ጭንቀቴን ነገርኩት። ዝርዝሩን ካስተካከልኩ ለቀበሌው ሊቀ መንበር እንደሚደውል ቃል ገባልኝ።

ተራ የሚቀይር ትእዛዝ ማሽኗ አልነበራትም። ስለዚህ ዝርዝሩ የተጻፈበትን የዲስኩን ቦታ በቀጥታ የሚያነብ፣ ስሞቹን አቀያይሮ እዚያው የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራሁ። ሁለቱን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። ከመጋዘንም በላይ ሁለት ስውር ፋይሎች ተቀምጠዋል። ስክሪን ላይ አይወጡም፤ ማሽኗ ስትበራ ግን መጀመሪያ የምትፈልገው እነሱን ነው፣ ያውም አንደኛና ሁለተኛ ቦታ ላይ። ከዚያ ካነሷቸው ማሽኗ አትነሣም። አልነካኋቸውም። ጓዱን ሦስተኛ አደረግኩት፤ ስክሪኑ ላይ ቁንጮ ሆኖ ወጣ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስሙን እስኪጠግብ አየው።

«ከእኔ በላይ ማንም የለም?»

«የሚታይ የለም፣ ጓድ።»

ደስ አለው። ቃሉን አክባሪ ነውና እዚያው ስልኩን አነሣ። መጀመሪያ በግርማ ሞገስ ተናገረ፤ ቀጥሎ ማዳመጥ ያዘ፤ ከዚያ «ገባኝ፣ ገባኝ» ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻ ስልኩን እንደያዘ ተነሥቶ ቆመ። ሲዘጋው ዓይኔን ሸሸ። ትእዛዙ ከላይ የመጣ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም አለኝ። ከላይ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እሱም አያውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ማንን እንደምጠላ ግን አልለየሁም።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ማሽኗ ሳታሳፍረን ተነሣች፤ የጓዱም ስም ከሁሉ በላይ ነበር። አጨበጨቡለት። ወንድሜ የተጫነው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።