ለሟች አማት የተተወ ጨርቅ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የመቀስ አማት ከሞቱም በኋላ ሰው አላስቀመጡም። መቀስ ያላት ሰፈሩ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጨርቅ ስትቆርጥ ያያትም ምላሷን የቀመሰም ስሙ እንደሚገባት ይስማማል። ሙያውን ያስተማሯት አማቷ ናቸው፣ ማስተማር ከተባለ። እሷ ትሰፋለች፣ እሳቸው ይተረትራሉ። ባሏ መሀል ገብቶ አያውቅም፤ ጭራሽ ከእናቱ ቀድሞ አረፈና ሁለቱ ሴቶች ዓይንና ናጫ ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር ቀሩ።

አሮጊቷ በተቀበሩ በሳምንቱ፣ ማታ ሰፍታ ያጠፈችው የደንበኛ ሱሪ ጠዋት ተተርትሮ ተገኘ። ክሩ በወጉ ተጠቅልሎ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። አይጥ ክር አይጠቀልልም። ከዚያ ወዲያ የመኪናው መርገጫ ብቻውን ይወርድ ይወጣ ጀመር፤ የአሮጊቷም ወንበር ሰው የተቀመጠበት ያህል ይንቋቋል።

ሌላ ሴት ብትሆን ቤቱን ትለቅ ነበር። መቀስ ግን ስድቧን አወጣች። በሕይወት ሳሉ አንቱ ስትላቸው የኖረችውን ሴትዮ አሁን አንቺ አለቻቸው። "አንቺ ጉድ፣ አፈሩ እንኳ አልከበደሽም?" ትለዋለች ወንበሩን። ስድቡ አልሠራም፤ የሠራው ተንኮል ነው። ማታ ማታ አንድ ብጣሽ ጨርቅ ሆን ብላ አጣማ ትሰፋና መኪናው ላይ ትተወዋለች። አሮጊቷ ጠማማ ስፌት አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ሌሊቱን በብጣሹ ሲጠመዱ የደንበኛው ልብስ ደህና ያድራል። በዚህ ዘዴ ዓመታት ተኖረ፤ መኖር ከተባለ።

ነገር የመጣው አንዲት ሴት ልጇ ስትወልድ ነው። ልጅቷ ካገባች ወዲህ የእናቷን ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ መቀስም የልጅ ልጇን ከስልክ ፎቶ በቀር አላየችም።

"አያቴ እስካሉ ድረስ ልጄን እዚያ ቤት አላስገባም" አለቻት በስልክ።

"እሺ፣ እኔ ልምጣ።"

"አትምጪ እማ። ተከትለውሽ ይመጣሉ።"

መቀስ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ለቅሶው ሲወጣላት አሮጌ ዕቃ ገዢ ጠራች። መኪናውንም ወንበሩንም እሱ በጠራላት ዋጋ ሸጠችለት። ሰውየው መኪናውን ሲሸከም መዘውሩ ብቻውን ወደኋላ ይሽከረከር ነበር፤ ሁለት ጊዜ አውርዶ ተነፈሰ። "ውጪ!" አለች መቀስ በሩን ይዛ። "እኔን ጨርሰሻል፣ ልጄን ግን አልሰጥሽም።"

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ገዛች። ማታ ብጣሹን ትታ ተኛች፤ ጠዋት እንደጠመመ አገኘችው። በማግስቱም እንደዚያው። "ሄዳለች፣ ነይ" ብላ ደወለች።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ገባችና ሕፃኗን እናቷ ጭን ላይ አኖረቻት።

መቀስ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። የሕፃኗን ጉንጭ ሳመች፣ እግሯን ሳመች፣ ነጯን ቀሚስ ዳበሰች። እጇ ቅምቅማቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይቺን ማን ሰፋት?"

"እኔ። በእጄ።"

"ተንጋዳለች እኮ" አለች መቀስ፣ በፍቅር ያለችው መስሏት። ጥፍሯ የመጀመሪያውን ክር ፈልቅቆ ሁለተኛውን ጀምሮ ነበር።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሕፃኗን ከጭኗ አነሳች።

"እማ፣ አያቴ አልሄዱም።"

መቀስ ደንግጣ ወንበሩ ወደነበረበት ጥግ ዞረች። ምንም የለም። ልጇ ግን የምታየው ጥጉን ሳይሆን እሷን ነበር።