የተሰነጠቀው ሽጉጥና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ቀላል ሽጉጥ ይገዛልን ብለን የለመንነው እኛው ነን። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሬክስዴል ካለ ግቢ እየተነሳ በቶሮንቶ ባንኮች መካከል ገንዘብ የሚያመላልስ ብረት ለበስ መኪና ላይ ጠባቂ ነበርኩ። ወገባችን ላይ የምናንጠለጥለው ሪቮልቨር ሽጉጥ ድፍን ብረት ስለነበረ፣ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ስንወርድና ስንወጣ ውለን ዳሌያችንን ይዘን ነበር ቤታችን የምንገባው። አጉረመረምን፤ ድርጅቱም ሰማን። አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ አዲስ ሽጉጥ መጣልን። ሲያነሱት የልጅ መጫወቻ ይመስላል። እሰይ አልን። እኔማ የፋብሪካውን ሰዎች መርቄአቸዋለሁ፤ ዛሬ ምርቃቴን መልሱልኝ ብላቸው ደስ ይለኛል።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከተኩስ ልምምድ ተመልሼ የኔን እየወለወልኩ ሳለ፣ አፈሙዙ ተጠምዝዞ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ ከሥሩ፣ አንዲት ፀጉር አየሁ። በጨርቅ ጠረግኳት፤ አልሄደችም። በጥፍሬ ፋቅኳት፤ ጥፍሬን ያዘችው። ስንጥቅ ናት። ቦታው አካሉ እጅግ የሳሳበት፣ የተኩሱ ኃይል ደግሞ የሚያርፍበት ነው። እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ሽጉጥ አንድ ቀን አፈሙዙ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ሳላቅማማ ወስጄ ለአለቃዬ አሳየሁት። ሰው በራሱ እግር ሄዶ ችግር ሲገዛ እንዲህ ነው።

አለቃዬ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጨዋ ሰው ነበር። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሽጉጡን አገላብጦ አየውና፣

«ጥለኸው ነው?» አለኝ።

«አልጣልኩትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ቤቴ ውስጥ ከእጄ ዕቃ ያመልጣል። ሪጀንት ፓርክ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ብርጭቆ ስለጨረስኩ፣ ባለቤቴ ለሰው ሁሉ ሻይ በብርጭቆ ስታቀርብ ለእኔ በሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ነው የምትሰጠኝ፤ እንግዳ ፊት ሳይቀር። ይህ ግን ሻይ ነው። ሽጉጥ ሌላ ነው። ከአፎቱ ሳወጣውም ስመልሰውም ትንፋሼን ይዤ ነው። አልጣልኩትም!

ሽጉጥ የሌለው ጠባቂ መኪናው ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሽጉጡ ለጥገና ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ ወዳለው ፋብሪካ ሲላክ እኔ ሳንቲም ክፍል ገባሁ፤ መስኮት የሌለው፣ የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽን ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫበት ክፍል ነው። አለቃዬም «ጥፋቱ የፋብሪካው ከሆነ ትመለሳለህ፤ ያንተ ከሆነ ግን ሁለተኛ መሣሪያ አላስይዝህም» አለኝ። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነበር። እንጀራዬም ስሜም ያቺ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ሽጉጥ እንደ ደብዳቤ አይላክም። የፖሊስ ወረቀት፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የወዲያኛው አገር ወረቀት። እኔ ከሱዳን ካናዳ ለመግባት ያየሁትን አበሳ ያ ሽጉጥ አንድ ድንበር ለመሻገር አየው። ብርዱ ሊገባ ሲል የሄደው ሽጉጥ፣ በረዶ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ተመለሰ። ጠራርገው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ «ምንም እንከን አላገኘንበትም» ብለው ላኩት። ስንጥቋን ቀለም አልብሰዋት! አለቃዬ «ይኸው፣ ደህና ነው» አለ። ሄደን ስንተኩስበት ቀለሙ ተላጠ፤ ስንጥቋም ረዝማ ብቅ አለች። ደግሞ ተላከ። ሁለተኛው መልስ ከፊተኛው የባሰ ሆነ፦ መሣሪያው ወድቋል፣ ወይም ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ጥይት ተተኩሶበታል፤ ዋራንቲው አይሸፍነውም።

ምሳ ክፍሉ ውስጥ ካለው የሕዝብ ስልክ ራሴ ደወልኩላቸው። ሙዚቃ፤ ከሙዚቃው በኋላ አንዲት ትሁት ሴት፤ ከትሁቷ ሴት በኋላ ደግሞ ሙዚቃ። «ጥይቱን የሚሰጠን ድርጅቱ ነው፤ ሁላችንም የምንተኩሰው አንድ ዓይነት ነው» አልኳት። «ይገባኛል፣ ሰር» አለችኝ። «ቢወድቅ እኮ እጀታው ወይም አፉ ይጫራል። አንድ ጭረት አግኝታችሁበታል?» «ይገባኛል፣ ሰር።» ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ይህን ያህል የሚገባው ሰው ያለበት ፋብሪካ ሽጉጥ መሥራት እንዴት አቃተው?

ቤት ስገባ ይህንኑ እየደጋገምኩ ባለቤቴን አሰለቸኋት መሰለኝ። አንድ ቀን፣

«ለምን ሽማግሌ አትልክም?» አለችኝ።

«ለማን? ለፋብሪካው?»

«ለሱፐርቫይዘርህ ነዋ። እሱስ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሳቅኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም ነበር፤ ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ሰንበትበት ብሎ በሩን የሚጠብቀው ልጅ ሳንቲም ክፍል መጥቶ «ሰዎችህ መሰሉኝ» አለኝ። ሄጄ የበሩን ካሜራ ስክሪን ሳይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው፣ በላዩ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ የብረቱ በር ፊት በረዶው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። መሐል ላይ ያሉት አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ትኬት የሚቆርጡ አባት ናቸው። የእኔንም ጋብቻ የሸመገሉት እሳቸው ናቸው። ከኢስት ዮርክ እስከ ሬክስዴል በዚያ ብርድ በስንት አውቶቡስ እንደመጡ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

አለቃዬ ግራ ገብቶት ቢሮው አስገባቸው፤ እኔም ተጠራሁ። ወንበር አቀረበላቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ቡና ልስጣችሁ አለ፤ አንጠጣም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ይህ ሰው በምን ይወቅ? ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው በጠራ እንግሊዝኛ ጀመሩ።

«ይህ ልጃችን አጥፍቷል። ልጅ ያጠፋል፤ ታላቅ ይቅር ይላል። እኛም ስለ እሱ ይቅርታ ልንለምንዎት ነው የመጣነው።»

ያገሬ ሰው ቢሆን ይህ መግቢያ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ሽማግሌ «ልጃችን ንጹሕ ነው፤ የበደልከው አንተ ነህ» ብሎ የሰው ደጅ አይረግጥም። መጀመሪያ ጥፋቱን በራሱ ወገን ላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ነገር ይበርዳል፤ እውነቱም ቀስ ብሎ ይወጣል። እኔም ብሆን ሽማግሌ ስለ እኔ ሲናገር ቀና ብዬ የምመለከት ሰው አይደለሁም፤ አንገቴን ደፍቼ ወለሉን አየሁ። አለቃዬ እሳቸውን አየ፣ የኔን አንገት አየ፣ ከዚያ በትልቅ ርኅራኄ «ስለ ሐቀኝነታችሁ አመሰግናለሁ» አለ። እሺ ያለ መስሏቸው ሦስቱም ተቀመጡ። ቡናውንም ጠጡ።

ባህላችን ነው፣ ወግ ነው፣ እንዲህ ማለት እንዲያ ማለት አይደለም እያልኩ ለማስረዳት ያልሞከርኩት የለም። «ያለፈው አልፏል» ይለኛል አለቃዬ፣ ትከሻዬን እየነካ። ፋብሪካው ሁለት ጊዜ በድሎኝ ነበር፤ ሦስተኛውን የራሴ ሰዎች ጨመሩልኝ።

በረዶው ሳይቀልጥ የሹፌራችን ሽጉጥ ተሰነጠቀ፤ እዚያው ቦታ ላይ። ቀጥሎ የሌላ ጠባቂ። አለቃዬ ከመሳቢያው የራሱን አውጥቶ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፣ ከሥሩ አየና በጥፍሩ ፋቀው፤ ጥፍሩን ያዘው። ያን ጊዜ ፋብሪካው ሁሉንም መልሱልኝ አለና፣ እዚያ ቦታ ላይ ወፈር ያለ ሌላ ሽጉጥ ላከ። ስለ እኔ ስንጥቅ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

አለቃዬም ጠርቶኝ «ጥሩ ዜና አለኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ መኪናው ላይ ነህ» አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩት። እዚህ አገር እግራቸውን ስትረግጣቸው ሶሪ የሚሉት እነሱ ናቸው። ባቡር ውስጥ ትከሻህ ሲነካቸው ሶሪ፤ በር ስትይዝላቸው ሶሪ። ያን ዕለት ግን ሶሪ ከከተማው ጠፋ።

«ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለኝ።

ይሁን፣ ቢያንስ የኛ ሰዎች ይስሙልኝ ብዬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳኛውን ቤቴ ጠራኋቸው። የሹፌሩን ሽጉጥ፣ የአለቃዬን ሽጉጥ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን!» አሉ። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣

«እኔ እኮ ልጄ፣ የምር ጥለኸው መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«ምን አሉ አባባ? አጥፍቷል ያሉት ለወጉ አልነበረም?»

«ወጉም ወግ ነው። ግን ሽማግሌ ሳያጣራ አይሄድም። ባለቤትህን ጠይቀናት ነበር።»

«ምን አለቻችሁ?»

«ጨዋ ልጅ ናት፤ ክፉ አልወጣትም። ‹ከእጁ አምልጦት ይሆናል፤ ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ ደንግጦ ነው፤ እባካችሁ አስምሩልኝ› አለችን።»

ያን ሁሉ ወራት ስነግራት፣ ስንጥቋ ጥፍሬን እንዴት እንደያዘችው ጠረጴዛው ላይ ሳሳያት፣ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማኝ ነበር። ይገባኛል፣ ሰር!

ባለቤቴ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። የመጨረሻውን ሰምታዋለች፤ ከፊቷ አወቅኩ።

«አንቺም?» አልኳት።

ለዳኛው ብርጭቆውን አቀረበችላቸው። ትሪው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ኩባያ አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ወደ ወጥ ቤት ልትመልሰው ዞር አለች፤ ሻዩ ግን ተቀድቶ ነበር።

«አምጪው» አልኳት፤ ጠጣሁት።