ውኃ የማይነካው ኦኑር

ኦኑር ከተሳፈረባት ባጃጄ ዕረፍት የላትም። አንዴ በቀኝ በኩል አንገቱን ያወጣል፣ አንዴ በግራ። ጉልበቱ ከኋላ ወንበሬን ይነቀንቀዋል። «ዓዋድ፣ በዚህ ግባ። ዓዋድ፣ ያንን አህያ እለፈው እንጂ፣ ምን ቆመህ ታየዋለህ?» ይለኛል። ከተማችንን ከሰላን ከነአህዮቿ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እሱ ግን መንገድ ያሳየኛል። ድሮም እንዲሁ ነበር። እኔ በረኛ፣ እሱ ከፊቴ ተከላካይ ሆነን ስንጫወት፣ ኳሷን ልይዝ ስዘል እንኳ ዞሮ «ያዛት» ይለኝ ነበር። ለመያዝ አይደል እንዴ የዘለልኩት?

የዛሬ ልጆች ኦኑር ኳስ ተጫዋች እንደነበር አያውቁም። የሚያውቁት አስታራቂነቱን ነው። ከገዳሪፍና ከፖርት ሱዳን ሳይቀር ሰው እየመጣ ይወስደዋል፤ ስሙ በሬዲዮ ይጠራል። ከእኛ ከዋዲ ቡድን ልጆች ስማቸው የወጣላቸው ሦስት ናቸው። የግራ ክንፉ ባለሥልጣን ሆነ፣ አማካዩ በየሰርጉ የሚፈለግ መንዙማ አውራጅ ሆነ፣ ኦኑር ደግሞ አስታራቂ። እኔ ባጃጅ ነዳሁ። ሁሉም ታዋቂ ከሆነ ማን ያደርሳቸዋል?

የአስታራቂ ሥራው መቀመጥ ነው። ሽማግሎቹ የተጣላው ሰው ቤት ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ውኃ ሲቀርብላቸው አይነኩም። «የመጣንበትን ካልሰጠኸን አንጠጣም» ይላሉ። በዚያ ሙቀት እንግዳ በገዛ ግቢው ውስጥ በጥም ሲደርቅ ማየት ለባለቤቱ ነውር ነውና፣ ቀስ በቀስ ልቡ ይረታል። ሌሎቹ ሽማግሎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ኦኑር ግን መቀመጥ የት ያውቃል? ውኃውን አልነካም ይልና ብድግ ይላል። ግቢውን ይዞራል። ዶሮዎቹን ይመረምራል፣ የበሩን ማጠፊያ ይነካካል፣ «ይሄን ግድግዳ ማን ነው የሠራልህ? ተጫውቶብሃል» ይላል። አንድ የብርቱካን እርሻ ያለው ሰው ከእህቱ ጋር አልታረቅም ብሎ ስንቱን ሽማግሌ መልሶ ነበር። ኦኑር ሲሄድበት ጀንበር ሳታዘቀዝቅ እጁን ሰጠ። «ወላሂ እታረቃለሁ፤ ብቻ ይሄን ሰውዬ ከጓሮዬ አውጡልኝ» አለ። ኦኑር ድሮ አጥቂ እንደሚይዘው ነበር የሚይዛቸው፤ ፋታ ሳይሰጥ።

እንዲህ ደጅ ሁሉ የሚዘልቅ ሰው የአንድ ሰው ደጅ ላይ ግን ደርሶ አያውቅም። የጫማ ሰፊው የባሲጥ።

ባሲጥ የተቀናቃኛችን የነኺል ቡድን አጥቂ ነበር። ሚዳቋው እንለው ነበር። የዋንጫው ጨዋታ ላይ ኳሷን በኦኑር እግሮች መሃል አሳለፈበት፤ ሕዝቡ ሳቀ። ደገመው፤ ሕዝቡ ይብስ ሳቀ። እንደገና ሲመጣ ኦኑር ገባበት። የባሲጥ ጉልበት ሲሰበር ድምፁ ጎሉ ድረስ ተሰማኝ፣ አሁንም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል። በዚያው ሰሞን ከኦምዱርማን አንድ ትልቅ ቡድን መጥቶ ባሲጥን ሊወስደው ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይወስደዋል?

ጉልበቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ገበያው መሃል ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እግሩን ወደ መንገዱ ዘርግቶ የቆዳ ጫማ ይሰፋል፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮት ያልፋል። ኦኑር ሱቋ ገና ሳትታይ መንገድ ይሻገራል። ስለዚያ ቀን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀድሜ ያገኘሁት ኳሷን ነው።» ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ለቅሶ ቤት ይናገራል፣ ጢሙን እየተላጨ ይናገራል። አንድ ቀን ባጃጄ ውስጥ ሲለኝ «እኔ መቼ ጠየቅሁህ?» ብለው ተቆጥቶ ወረደና በእግሩ ሄደ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል የኦኑር ልጅ ኢኽላስና የባሲጥ ልጅ ሙንተሲር ተዋደዱ። አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት። ባሲጥ ሲነገረው «ልጄን አልከለክልም፤ የዚያን ሰው ደጅ ግን አልረግጥም» አለ። ሙንተሲር አባቴ ካልመጣ እኔም አልመጣም አለ። ኦኑርም በበኩሉ፣ የልጁ አባት መጥቶ ያልጠየቃት ልጅ እንዴት ትሰጣለች ብሎ ድርቅ አለ። ወራት አለፉ። ሙንተሲር ተስፋ ቆረጠና ጅዳ ሥራ አገኘ፤ የቀረው መሳፈር ነበር።

ኢኽላስ ጮኻ የምትናገር ልጅ አይደለችም። አንድ ቀን አባቷን እቤት ሳወርደው በሩ ላይ ጠበቀችው። «አባ» አለችው፣ «የአገሩን ሰው ሁሉ አስታርቀሃል። የእኔን ለማን ተውከው?»

ኦኑር በራሱ ጉዳይ ሽማግሌ መሆን አይችልም። ስለዚህ ሌሎች ሽማግሎች ላከ፤ መሪያቸው ሐጅ ኸሊፋ ነበሩ። እሳቸው የተከበሩ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። እኔ ነበርኩ ያደረስኳቸው። ውኃው ቀረበ፣ ሐጂም በወጉ «የመጣንበትን ካልሰጠኸን አንጠጣም» አሉ። ባሲጥ ስለ ጉልበቱ ማውራት ጀመረ። ወሬው ረዘመ፣ የሐጂ ከንፈር ደረቀ፣ እጃቸው ወደ ጣሳው ሄደ። ጥርግ አድርገው ጠጥተው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጢማቸውን ጠረጉ። ጓደኞቻቸው ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

«ጥሙ ቆረጠልዎ፣ ሐጂ?» አለ ባሲጥ። «በሉ እንግዲህ ደህና ዋሉ።»

ገበያው ለሳምንት ሳቀ። ሐጅ ኸሊፋ በራሳቸው ላይ ጎል አገቡ ተባለ። ኦኑር ብቻ አልሳቀም። ከሱቅ ሱቅ ይንከራተታል፣ ሻይ ያዝዝና ሳይጠጣ ይነሳል፣ ባጃጄ ውስጥ ገብቶ የት ስለው «ብቻ ንዳ» ይለኛል። የገዛ ልጁ ጉዳይ ከእጁ እየወጣበት ነበር፤ አሳዘነኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ጥምጥሙን በወጉ አስሮ መጣ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ባሲጥ ቤት በር ላይ ስንደርስ «እለፈው» አለ። አለፍኩት። «ተመለስ» አለ። ተመለስኩ። «እለፈው።» እንዲህ ስንመላለስ የሰፈሩ ሴቶች በየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ በሩ ላይ ገትሬ ሞተሩን አጠፋሁት።

«ማን አጥፋ አለህ?»

«ቤንዚኑ ነው ያለኝ። ውረድ።»

ወረደ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከመቀመጫዬ ሁሉንም አያለሁ፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ባሲጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ጠፍር አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ወስፌውን ይዞ ይሰፋል። አጠገቡ የውኃው ጋን በማቆሚያው ላይ ሆኖ ያንጠባጥባል። ቀና አላለም።

«ሰላሙ ዓለይኩም» አለ ኦኑር።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ቁጭ በል።»

ኦኑር ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ጠበቀ። ባሲጥ ይሰፋል። ጋኑ ያንጠባጥባል። ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ ባሲጥ ውኃ አያቀርብም። ላልቀረበ ውኃ እንዴት ተብሎ አልነካም ይባላል? የኦኑርን መሣሪያ ገና ሳይመዘዝ ቀማው። እንግዳን ያለ ውኃ ማስቀመጥ ደግሞ ከሰላ ውስጥ ትልቅ ስድብ ነው። ኦኑር ጉልበቱን አሻሸ፣ ጥምጥሙን አስተካከለ፣ ጋኑን አየ። ከዚያ እንደ ልማዱ ግቢውን ሊዞር ብድግ አለ።

«ቁጭ በል» አለው ባሲጥ፣ ዓይኑን ከቆዳው ሳያነሳ። «እኔ ልነሳና ልዙር ብል አልችልም። አንተም ዛሬ አትዞርም።»

ኦኑር ተቀመጠ። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከተተ። እግሩ አሁንም መሬቱን ይመታል፤ በእጁ ያዘው። ሲጨንቀው ለቅቆ እንደገና ያዘው። ላቡ ጥምጥሙን አልፎ ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ኦኑርን ይህን ያህል ዘመን አውቄው ያን ያህል ሲቸገር አይቼው አላውቅም።

«ለምን መጣህ?» አለው ባሲጥ በኋላ።

«ስለ ልጆቹ…»

«ስለ ልጆቹ ሐጅ ኸሊፋ መጥተው፣ ጠጥተው ሄደዋል። አንተ ለምን መጣህ?»

«ያን ቀን…» አለ ኦኑር።

«ቀድሜ ያገኘሁት ኳሷን ነው ልትለኝ ከሆነ በሩ ያውልህ። ሰምቼዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ነግሮኛል።»

«እግርህን ነው» አለ ኦኑር። «ኳሷን አላየኋትም። ሰው ሲስቅብኝ ነደደኝ፣ እግርህን ፈለግሁ።»

የባሲጥ ወስፌ ቆመ። ቀና ብሎ አየው።

«አውቃለሁ» አለ። «ስትመጣ ዓይንህን አይቼዋለሁ። ይሄን ስናገር ግን ማን ሰማኝ? ኳስ ነው፣ ዕጣህ ነው፣ እርሳው አሉኝ። እናቴ እንኳ እርሳው አለችኝ። አንተ አስታራቂ ተብለህማ ጭራሽ አፌን አስያዙኝ። ኦኑርን የመሰለ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ይሉኛል። እግሩንስ ለመድኩት። ያየሁትን አላየህም እየተባልኩ መኖሩን ግን አልለመድኩትም።»

ኦኑር አንገቱን ደፋ። «ያየኸው ልክ ነው» አለ። «ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ለማይጠይቀኝም እናገራለሁ።»

ባሲጥ ቆዳውን አስቀመጠ። አልጋውን ተደግፎ ተነሳ፣ እግሩን እየጎተተ ጋኑ ጋ ደረሰ፣ ጣሳውን ሞላ። ኦኑር ሊያግዘው አልተነሳም፤ መነሳት እንደሌለበት ገብቶት ይመስለኛል። ባሲጥ ጣሳውን አምጥቶ ፊቱ ላይ ያዘለት።

ኦኑር ተቀብሎ ጠጣ።

«ኦኑር፣ ምን ነካህ?» የሚል ቃል ባጃጄ ውስጥ ሆኜ ከአፌ አመለጠኝ። ስንት ቤት ውስጥ ከንፈሩ እየተሰነጠቀ ውኃ ሳይነካ የወጣ ሰው፣ የገዛ ልጁ ነገር ሲመጣ ጠጣ። አንዴ ከጠጣ ምን ይጠይቃል? ሐጅ ኸሊፋ የተሳሳቱትን እሱ እያወቀ አደረገው። ጥርግ አድርጎ ጨልጦ ጣሳውን መለሰ።

«የመጣሁት ለዚህ ነው» አለ እየተነሳ። «ስለ ልጆቹ ምንም አልጠይቅህም። መብት የለኝም። ደህና ዋል፣ ባሲጥ።»

ወደ በሩ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። እኔ የማስበው ስለ ኢኽላስ ነበር፤ ምን ብሎ ሊነግራት ነው? በሩ ላይ ሲደርስ ባሲጥ ከኋላ ጠራው።

«ኦኑር! ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት ትኖራለህ?»

ኦኑር ዞረ። «እኖራለሁ።»

«ውኃህን አቀዝቅዘህ ጠብቀኝ» አለ ባሲጥ። «ልጅቱን ለልጄ ሳትሰጠኝ ግን አልነካልህም።»

ኦኑር ባጃጇ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በጥምጥሙ ጫፍ ፊቱን ጠረገ፤ ላብ ብቻ እንዳልነበረ አይቻለሁ፣ ግን አላነሳሁበትም። ሞተሩን አስነሳሁና ልፈተለክ ስል እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለኝ። «ምን አስቸኮለህ?»