የጋሼ ዋልተርን መጽሐፍ የለበድኩ ቀን

ባለፈው ወር ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ የመዝሙር መጽሐፍ ታትሞ መጣና ከአምልኮ በኋላ "በላስቲክ የምትለብዱ እህቶች እጃችሁን አውጡ" ተባለ። ሁሉም ሲያወጣ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ፓርኪንጉ ውልቅ አልኩ። "ምነው፣ ጥፍርሽ እንዳይሰበር ነው?" ብላ አንዷ ከኋላዬ ተረበችኝ። ሳቅሁላት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ፊቴ በእፍረት ግሎ ነበር።

ነገሩ የሆነው በኮሮናው ዘመን፣ በፈረንጆቹ 2020 መከር ላይ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ የገባሁት ዓለም ሊዘጋጋ ሲል ነው። ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ እትዬ ዘነበች የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሴት አስጠግተውኝ፣ በኤጀንሲ በኩል አፐር አርሊንግተን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንድ ሽማግሌ እንክብካቤ ያዝኩ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ማስኬ ውስጥ የራሴን የሽሮ ትንፋሽ እየሳብኩ እሄዳለሁ። ስማቸው ዋልተር ነው። በስም ብቻ መጥራት አልሆንልሽ ቢለኝ "ጋሼ ዋልተር" አልኳቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት፣ ስልክ ሲያነሱ ሳይቀር "ጋሼ ነኝ" ይሉ ጀመር።

ጋሼ ዋልተር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት የድሮ መንፈሳዊ መጻሕፍት ነው። በእንግሊዝኛ ማተም ገና አዲስ በነበረበት ዘመን የታተሙ መጽሐፍ ቅዱሶች፣ የጸሎት መጻሕፍት፣ ስብከቶች። ፊደሉ ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ እንግሊዝኛ ነው ሲሉኝ አላመንኳቸውም። እጄን አስታጥበውና አስደርቀው ያስገልጡኛል። ሽታው ዝናብ የመታው የእንጨት ሳጥን ይመስላል። ከሁሉ የሚወዷት መዳፍ የምታህል የጸሎት መጽሐፍ ነበረች፤ ወደ አራት መቶ ዓመት ሊሆናት ነው። "ይሄ ቆዳ የመጀመሪያዋ ነው። ከተጠረዘች ጀምሮ ማንም አልነካካትም" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጀርባዋ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ሽፋን ሊገነጠል ነው፣ ስትነሳ ቡናማ ዱቄት ታራግፋለች። ማንም አልነካካትም ማለት ማንም አልተንከባከባትም ማለት መሰለኝና አንጀቴን በላችው።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ስቲቭ፣ ዌስተርቪል የሚኖር። አባቱ የአረጋውያን ቤት እንዲገቡ ይወተውታል። እሳቸው ደግሞ ያኔ የአረጋውያን ቤት የገባ በሽታው እየጨረሰው ስለነበር "መጽሐፎቼን ጥዬ ንቅንቅ አልልም" አሉ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ መጽሐፎቻቸውን በራሳቸው መጠበቅ እስከቻሉ ድረስ ቤታቸው ይቆያሉ። ስቲቭ በመጣ ቁጥር አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ ይጠይቃቸዋል፤ የት እንደተገዛ፣ የትኛው ቅጠል እንደጎደለ ያንበለብሉለታል። አእምሯቸው ደህና መሆኑን የሚያየው በዚያ ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሳንባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡ። እኔ ቤቱን እያጸዳሁ ቆየሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አይ እኔ! እኛ ቤት መስከረም ሲጠባ አባቴ ካኪ ወረቀትና መቀስ ይዞ ይቀመጣል፤ ሳይለበድ ትምህርት ቤት የሚሄድ ደብተር የለም። የእትዬ ዘነበችም መጽሐፍ ቅዱስ ገጹ በቴፕ ተጠጋግኖ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ከላዩ ዚፕ ያለው ቦርሳ ደርቦ ነው። መጽሐፍ መውደድ ለእኛ ይሄ ነው። እትዬን ሳማክራቸው የተረፋቸውን ላስቲክ አውጥተው "እንኪ፣ ይሄ ክሊር ነው፣ ቢጫ አይሆንም። ሰርፕራይዝ አድርጊያቸው!" አሉኝ።

ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ቆዳው ደርቆ ስላሳዘነኝ ቫዝሊን ቀባሁት። ሊገነጠል የነበረውን ሽፋን በሙጫ አጣበቅኩ፣ ጀርባውን በቴፕ ጠቀለልኩ፣ ከዚያ ላስቲኩን አንድ እጥፋት ሳይሸበሸብ ለበድኩ። አባቴ ቢያየኝ በኮራ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ደስ እያለኝ ጠበቅሁ።

ስቲቭ ደግፎ አስገባቸው። ጋሼ ዋልተር አልጋቸው ላይ ተቀመጡ፣ መጽሐፏን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ላስቲኩን ሲነኩት ተንኮሻኮሸ። ፊታቸው እንዴት እንደሆነ አልናገርም። እንዳበላሸኋት የገባኝ ያኔ ነው።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?" አለ ስቲቭ። ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ።

አፌን ከፈትኩ፣ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ጋሼ ዋልተር ቀደሙኝ። "እኔ ነኝ። ከመታመሜ በፊት።"

ስቲቭ መጽሐፏን አንስቶ አሸተታትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሕፃን እንደሚጠየቅ በለሆሳስ "ዳድ፣ ቫዝሊን ቀባሃት?" አላቸው።

"ቀባኋት።"

"አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ! በእግዚአብሔር ስም እኔ ነኝ!" አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም እያቀላቀልኩ፣ ከቦርሳዬ የተረፈውን ላስቲክ አውጥቼ አሳየሁት። ስቲቭ ግን ሲፈራው የኖረው ነገር የመጣ መስሎት ዓይኑ እንባ ሞላ። "ላስቲኩን ገዝተሽለት ይሆናል። መልካም ልጅ ነሽ፤ ግን ስለ እሱ ብለሽ አትዋሺ" አለኝ።

እሱ ሲሄድ የቲማቲም ሾርባ አሙቄ አቀረብኩላቸው። "ለምን እንዲህ አሉ?" አልኳቸው።

"ሲያይሽ አየሁት። ኤጀንሲው ዛሬውኑ ያባርርሽ ነበር።"

"ቤትዎስ?"

ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አዞሩት። "ስቲቭ ያምነኛል ብዬ አላሰብኩም" አሉ። "መጽሐፍ ላይ ቫዝሊን የምቀባ ሰው አድርጎ ያየኛል ብዬ አላሰብኩም።" ከዚያ ጎድጓዳ ሳህኑን ገፉት። "አሁን በጣም ተናድጄብሻለሁ። ሾርባውን አስቀምጪና ሂጂ።"

በማግስቱ እግራቸው ሥር ወድቄ "እውነቱን ይንገሩት" አልኩ። ደወሉ። "እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም" ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ስቲቭ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "ትናንት ያልከውን ረሳኸው ማለት ነው፣ ዳድ።" ስልኩን ሲያስቀምጡ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

በረዶ ሳይጥል የአረጋውያን ቤት ገቡ። መጻሕፍቱን ሰብሳቢዎች እየተከፋፈሉ ወሰዱ፤ ያቺን ግን የሚፈልጋት ስለጠፋ አብራቸው ሄደች። ጠያቂ አይገባም ነበርና ሄጄ በመስኮት አየኋቸው። ደረታቸው ላይ አድርገዋታል፣ ላስቲኩ በመብራቱ ያብለጨልጫል። እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩና ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። በቀጣዩ ጸደይ አረፉ።

ስቲቭ ደግነቴን ለሰው ሁሉ አወራ። ዛሬ የምሠራበትን ቦታ ያገኘሁት እንኳ በእሱ ምስክርነት ነው። ሰው ባጠፋው ሲሰደብ ያፍርና ያልፍለታል። እኔ ባጠፋሁት ተመሰገንኩ፤ ይሄን እፍረት የት እንደማደርሰው እስካሁን አላውቅም።

ዘንድሮ ከልጄ ጋር ገበያ ወጥተን ስቲቭን ከሚስቱ ጋር አገኘሁት። አሁን እንግሊዝኛዬ አይወላገድም፤ ቁጭ አድርጌ፣ ሙጫውን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። አቅፎ ያዘኝ። "ይኸው፣ ዛሬም ስለ አባቴ ትከራከራለች!" አለና ለሚስቱ "የነገርኩሽ ልጅ እኮ እሷ ናት" ብሎ አስተዋወቀኝ። ሴትየዋ አለቀሰች። ትንሿ ልጄ ቀሚሴን ይዛ፣ ኩራት በኩራት ሆና "ማሚ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?" አለችኝ።